ከቴአትር መጋረጃ እስከ ኢየሩሳሌም አደባባይ

የሠዓሊውን ስም ሰምታችሁ ባታውቁም ሥዕሉን ግን ሳታዩት አልቀራችሁም። በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየጥርስ ሐኪሙ ማረፊያ ክፍል፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ በተመለሰ ሰው ሳሎን ሳይቀር ተሰቅሎ ይገኛል። ወርቃማ አቧራ የለበሰ ሰማይ፣ በአሸዋ የተዋጠ የግብጽ ቤተ መቅደስ፣ ከግርጌው ጥምጥም ያሰሩ ጥቂት ሰዎችና አንድ ሁለት ግመሎች። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሮበርትስ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሰው የሚጻፈው ሁሉ «መጀመሪያ የቴአትር መድረክ ሠዓሊ ነበረ፣ ኋላ ቴአትሩን ትቶ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ሆነ» ይላል። እኔ «ትቶ» በምትለው ቃል አልስማማም። ሮበርትስ ቴአትር ቤቱን ጥሎት አልወጣም፤ በትከሻው ተሸክሞት ነው እስከ አባይ ዳር፣ እስከ ጎልጎታ ድረስ የሄደው። ሸክሙ ለሥዕሉ በረከት ሆኖለታል፤ ዕዳም ሆኖበታል። ዕዳው ደግሞ ለእኛ የባዕድ ጉዳይ አይደለም፤ ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ከእኛ አገር የሄዱ ሰዎች ተቀምጠዋልና።

አስቀድሜ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮበርትስ በ1796 ኤድንብራ አጠገብ ስቶክብሪጅ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ልጁ ሥዕል እንደሚወድ ቢታወቅም የድሀ ልጅ ሥዕል ትምህርት ቤት አይገባምና ለአንድ የቤት ቀለም ቀቢ ተለማማጅነት ተሰጠ። ሰባት ዓመት እዚያ ቆየ። የተማረው ግድግዳ ነጭ መቀባትን ብቻ አይደለም። ተራውን ልስን እብነ በረድ ማስመሰል፣ ርካሹን ጣውላ የከበረ እንጨት ማስመሰል የዚያ ዘመን ቀለም ቀቢ ዋና ጥበብ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ከሥዕል በፊት የተማረው ማስመሰልን ነው።

በ1816 ከተማ ለከተማ በሚዞር ሰርከስ ውስጥ የመድረክ ቀቢ ሆኖ ተቀጠረ። ሰርከሱ ሰው ሲጎድለው ሮበርትስን ብሩሹን አስጥሎ አጃቢ ተዋናይ አድርጎ ያቆመው ነበር። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በግላስጎውና በኤድንብራ ቴአትር ቤቶች ሠራ፤ በ1820 አንዲት ተዋናይት አገባ፤ በ1822 ለንደን ወርዶ በመጀመሪያ በኮበርግ፣ ቀጥሎ በታላቁ ድሩሪ ሌን፣ ኋላም በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ቤት ተቀጠረ። በ1827 ኮቨንት ጋርደን በአንድ የቱርክ ፓሻ ግቢ ውስጥ የሚካሄደውን የሞዛርት ኦፔራ ለለንደን ሲያሳይ መድረኩን የሣለው ሮበርትስ ነው። ቱርክን ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

የመድረክ ቀቢነት ምን እንደሆነ ለማወቅ ለንደን መሄድ አያስፈልግም። በወላጆች ቀን የተማሪ ቴአትር ያዘጋጀ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ አቡጀዲ ገዝቶ፣ ሰፍቶ፣ በላዩ ላይ ተራራና ጎጆ አሥሎ ከመድረኩ ጀርባ መስቀል ማለት ነው። አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳም ያስታውሰዋል፤ ከጀርባችን የተሰቀለው ፏፏቴና የአበባ አጥር በቅርብ ሲያዩት የቀለም ዥጉርጉር ነበር፣ ከፎቶው ላይ ግን ገነት ይመስላል። ነገሩ ያው ሲሆን የለንደኑ ስፋቱ የቤት ጣሪያ ያህላል። ቀለሙ በሙጫ የተበጠበጠ ስለሆነ እርጥቡ ጠቆር ብሎ ሲደርቅ ይፈዛል፤ ስለዚህ ቀቢው የሚያየውን ሳይሆን ነገ የሚሆነውን መቀባት አለበት። ከሁሉ ኋላ ላይኛው ደርብ የተቀመጠው የርካሽ ቲኬት ተመልካች ሳይቀር እንዲለየው ጥላው በጥላነቱ፣ ብርሃኑ በብርሃንነቱ ተጋኖ መውጣት አለበት። በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቆሙ የጎን ቅቦች ወደ ኋላ ሲሄዱ እየጠበቡ ዓይንን ወደ መካከል ይነዳሉ። ከ1817 ጀምሮ ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን በጋዝ መብራት ስለሚሠሩ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ዕድሜው አጭር ነው። ቴአትሩ ሲያበቃ በዚያው ሸራ ላይ ሌላ ይቀባበታል። ሮበርትስ ለመድረክ ከሣላቸው ውስጥ የተረፈ የለም ማለት ይቻላል። ሰውዬው ወደ ዘይት ቀለም፣ ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ለምን እንደሸሸ ለመረዳት ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው። የመድረክ ቀቢ በሠዓሊዎች ዘንድ የእጅ ሠራተኛ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህን ስሜት እዚህ አገር ያለን ሰዎች አስረጂ አያሻንም። ግማሻችን በሁለተኛ ሙያ ላይ ነን፤ እኔ ራሴ ጠመኔ ጥዬ መሪ ከጨበጥኩ ቆየሁ። ልዩነቱ እኛ የፊተኛውን ሙያችንን ስንጠራ ደረታችን ይነፋል፣ የሮበርትስ የፊተኛው ሙያ ግን እንዲህ ያለ ክብር አልነበረውም። ያም ሆኖ ጓደኛው ክላርክሰን ስታንፊልድ በተመሳሳይ መንገድ ከድሩሪ ሌን ወጥቶ የባሕር ሠዓሊ ሆኗል። ከሁለቱ ቀደም ብሎም በ1770ዎቹ የድሩሪ ሌንን መድረክ ይሥል የነበረው ሉተርበርግ መንገዱን ጠርጎላቸዋል። ሮበርትስ በ1831 የብሪታንያ ሠዓሊዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1832 እና 1833 ስፔንን ዞሮ ሣለ፤ በ1841 የሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል ሆነ። የጫማ ሰፊው ልጅ ደረሰ።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንግባ። በ1829 «የእስራኤላውያን ከግብጽ መውጣት» የሚል ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ለሕዝብ አሳየ። ግብጽን ከማየቱ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው! የሠራው ግብጽ ግዙፍ ነው፤ ዓምዱ በዓምድ ላይ፣ ደረጃው በደረጃ ላይ ተደራርቦ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ሕዝበ እስራኤል ከግርጌው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ሥዕሉ ግሩም መጋረጃ ነው። ሙሴን ለመፈለግ ግን ዓይን ይደክማል። በኦሪት ዘጸአት ዋናው ነገር የሚወጣው ሕዝብ ነው፤ በሮበርትስ ዘንድ ዋናው የሚቀረው ድንጋይ ነው። ይህን ሥዕል ቀድሜ ያነሳሁት በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ስለሚፈልቅ ነው።

በመስከረም 1838 እስክንድርያ ወረደ። ጀልባ ተከራይቶ በአባይ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ኅዳር ላይ አቡ ሲምበል ደረሰ፤ በታኅሣሥ ወደ ካይሮ ተመለሰ። ካይሮ ላይ መስጊዶቹን ውስጥ ገብቶ እንዲሥል ፈቃድ ሲያገኝ ሁለት ነገር ታዘዘ፤ የቱርክ ልብስ እንዲለብስና ከአሳማ ጸጉር በተሠራ ብሩሽ እንዳይጠቀም። ለቀድሞው የሰርከስ አጃቢ ልብስ መቀየር ምኑ ይከብደዋል? እንዲያውም ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1840 ሠዓሊ ጓደኛው ሮበርት ስኮት ላውደር በዚያው በምሥራቅ ልብሱ ሥሎታል። በ1839 መጀመሪያ ከካይሮ ተነስቶ በሲና በረሃ፣ በአቃባ፣ በፔትራ አድርጎ ለፋሲካ ሰሞን ኢየሩሳሌም ገባ፤ ከዚያ እስከ ባልቤክ ዘልቆ በዚያው ዓመት በጋ ለንደን ተመለሰ።

ይዞት የመጣውን የእርሳስና የውሃ ቀለም ሥራ ቤልጅየማዊው ሉዊ ሀግ በድንጋይ ላይ ገለበጠው። ሀግ ቀኝ እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የተጎዳ ስለነበረ በግራ እጁ ነበር የሚሠራው። ከ1842 እስከ 1849 ድረስ ወደ 250 የሚጠጉ ሥዕሎች በክፍል በክፍል እየታተሙ አስቀድመው ለተመዘገቡ ገዢዎች ይላኩ ነበር፤ ከቀዳሚዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። በየግድግዳው የምናየው የእነዚያ ኅትመቶች የልጅ ልጅ ነው።

«ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላል ያገራችን ሰው። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱን ፊታችሁ አስቀምጡና ተመልከቱ። ፊት ለፊት ጠቆር ያለ መሬት፣ የተሰበረ ድንጋይ፣ ጥቂት የተቀመጡ ሰዎች፤ ይህ የመድረኩ ወለል ነው። በግራ ወይም በቀኝ ከፍ ብሎ የወጣ ግንብ ወይም ገደል፤ ይህ የጎን ቅቡ ነው። ከመካከል ብርሃን የበራበት ሕንፃ፤ ከዚያ ወዲያ ፈዘዝ ያለ ተራራና ሰማይ፤ ይኸው የጀርባ መጋረጃው። ሠዓሊው ዓይኑን የሚያኖረው ዝቅ አድርጎ ነው፤ ከመድረኩ በታች የተቀመጠ ተመልካች እንደሚያየው ሁሉ ዓምዱ ከላያችን ላይ ይነሳል። የካርናክን ዓምዶች ወይም የፔትራን ዓለት ፎቶግራፍ አይቶ ቅር ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የሮበርትስን አይቶ ቅር ያለው የለም። ግዝፈት ማለት ምን እንደሆነ ከላይኛው ደርብ ለሚያይ ሰው ማስረዳት ለዓመታት የበላበት እንጀራው ነበርና።

አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ ይህ ሥዕል ሳይሆን ማጋነን ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ እከራከራለሁ። ሮበርትስ ድንጋይን ያከብራል። ስንጥቁን፣ የተቀረጸውን ጽሑፍ፣ በአቡ ሲምበል ሐውልቶች ላይ አሸዋው እስከ የት እንደደረሰ አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ያ ቤተ መቅደስ ከአስዋን ግድብ ውሃ እንዲድን ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጦ ወደ ከፍታ ከወጣ ወዲህ ቀድሞ በወንዙ ዳር እንዴት እንደነበረ ለማየት ወደ ሮበርትስ መመለስ ግድ ነው። ቀለም ቀቢ ሆኖ እብነ በረድን ሲያስመስል የኖረ እጅ እውነተኛው ድንጋይ ሲገጥመው ማስመሰሉን ትቶ ተማሪ ሆነ። ለእኔ የሰውዬው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

ሰውን በሣለበት ጊዜ ግን ተማሪ አልሆነም። ከካይሮ እስከ ባልቤክ ያሉትን ሥዕሎች ብታገላብጡ ያው ባለጥምጥም ሰውዬ ያንኑ ረጅም ቧንቧውን ይዞ ከቦታ ቦታ ሲከተላችሁ ታገኙታላችሁ። አጃቢ ነው። የተቀመጠው ዓምዱ ስንት ሰው እንደሚያህል እንዲለካልን፣ የቀሚሱ ቀይ ከግራጫው ድንጋይ ላይ ብቅ እንዲልልን ነው። ፊቱ ሁለት ነጠብጣብ ነው። ሮበርትስ ራሱ በሰርከሱ አጃቢ ሆኖ የቆመ ሰው መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገርማል። ከመጋረጃ ፊት ያለ ስም መቆም ምን እንደሚመስል ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሠዓሊ አልነበረም።

ሰው መሣል አይችልም እንዳንል ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። በግንቦት 1839 እስክንድርያ ላይ ከግብጹ ገዥ ከሙሐመድ ዓሊ ፊት ቀርቦ ነበር፤ ያንንም ሥሎታል። በዚያ ሥዕል ላይ ፓሻው ተለይቶ ይታወቃል፤ የእንግሊዙ ቆንስል ኮሎኔል ካምቤል ይታወቃል፤ ሠዓሊው ራሱም አለበት። ሥልጣን ያለው ሰው ሲሆን አጃቢው ስም አገኘ ማለት ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም ስንመጣ የጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያንን መግቢያ የሣለበት አለ፤ ሁለቱ ቅስት በሮች፣ አንዱ በድንጋይ የተዘጋው፣ ከፊቱ ያለው አደባባይ ከነሕዝቡ። ኢየሩሳሌምን የተሳለማችሁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ አደባባይ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ቆማችሁ በስተቀኝ ጥጉ ላይ ያለው ትንሽ በር ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤትና ወደ ላይ ወደ ዴር ሡልጣን ወደ መነኮሳቶቻችን ያወጣል። ሮበርትስ እዚያ ከመድረሱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1838፣ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ጠራርጎ እንደወሰዳቸው፣ ቀጥሎም መጻሕፍታቸው እንደተቃጠሉ በገዳሙ ታሪክ ተጽፏል። ዛሬ ድረስ የሚያጨቃጭቀው የባለቤትነት ጉዳይ አንዱ ሥሩ ያ እሳት ነው። ሠዓሊው በዚያ ጥግ ላይ ስለተፈጸመው ነገር እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ መንገደኛ ነበር። ነገር ግን መንገደኛ የሣለውን አደባባይ የቅድስት አገር ሙሉ መልክ አድርገን ስንሰቅለው ምን እንደጎደለው ልናውቅ ይገባል። ሰውዬው ኢየሩሳሌምን በዓይኑ ካየ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1849 ያቀረበው ታላቅ ሥዕልም ከተማይቱን የኖሩባትን ሰዎች አያሳይም፤ ሮማውያን ሲያቃጥሏት ነው የሚያሳየው። ከ1829ኙ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ጉዞው የድንጋዩን ቅርጽ አረመለት እንጂ የመድረኩን ሥርዓት አልቀየረበትም።

የቀረኝ ያ አንዱ ሥዕል ነው። ሮበርትስ በአባይ ላይ ሲመላለስ፣ ኮርቲ በምትባል የኑቢያ መንደር የሣለው ሲሆን ርእሱ «በኮርቲ የሚያርፉ የሐበሻ ባሮች» የሚል ነው። እዚህ ላይ ሰዎቹ የቤተ መቅደስ ማስለኪያ አይደሉም፤ የሥዕሉ ጉዳይ ራሳቸው ናቸው። ለአንድ ጊዜ ያህል አጃቢዎቹ ወደ መድረኩ ፊት መጡ። ቀረብ ብሎ አይቷቸዋል፤ ብዙ ባለጥምጥሞቹን ሲሥል ያላወጣውን ትዕግሥት እዚህ አውጥቷል። ሆኖም ያው የመድረክ እጅ ስለሆነ አሰባስቦ፣ አመቻችቶ፣ አረጋግቶ ነው ያስቀመጣቸው። ከሁሉም የሚከነክነኝ ርእሱ ነው። «የሚያርፉ»! ከየት መጥተው? ወዴት ሊሄዱ? በዚህ አንድ ቃል ውስጥ የመቶ ቀን መንገድ ጠፋ።

መንገዱን እኛ እናውቀዋለን፤ ማወቅም ያለብን እኛ ነን። በዚያ ዘመን በካይሮ ገበያ «ሐበሻ» ተብለው ከሚሸጡት አብዛኞቹ ከደቡብና ከምዕራብ፣ ከኦሮሞ፣ ከሲዳማ፣ ከከፋ አገር የተያዙ ነበሩ። በጎጃም የባሶን ገበያ፣ ከዚያ ጎንደርን፣ ከዚያ መተማን እያለፉ ነበር ወደ ሱዳን የሚወርዱት። በየገበያው የሸጣቸውም፣ ያሻሻጣቸውም፣ ቀረጥ የበላባቸውም የአገር ሰው ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 እንደሆነ ለልጆቻችን ስንነግር የምንቸኩለው ለምን ይሆን? ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ስማቸውን አልጻፈም ብሎ መውቀስ ይቻላል። እኛ ዘንድስ ስማቸው የተጻፈበት ደብተር የት አለ? ስለ ዘመነ መሳፍንት ስናስተምር የጦር አበጋዞቹን ስም እናስቆጥር ነበር፤ ባሶ ገበያ ላይ የቆመውን ልጅ አንድ ቀን በፈተና ላይ ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ ይህን ሥዕል የምነቅፈው በአንድ ዓይኔ ነው፤ በሌላው ዓይኔ፣ እነዚያን ሰዎች ቢያንስ መሬት ላይ ተቀምጠው ያሳየኝ እሱ መሆኑን አልክድም።

ከ1839 በኋላ ሮበርትስ ወደ ምሥራቅ አልተመለሰም። በእነዚያ ጥቂት ወራት ንድፎች ዘመኑን ሁሉ ሠራባቸው። ሮምን፣ ቬኒስን፣ የ1851ን የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ሥሏል፤ እነዚህን ባታዩዋቸው ብዙም አይቅርባችሁ። በኅዳር 1864 ለንደን ውስጥ መንገድ ላይ ወድቆ በዚያው ቀን ሞተ። በእጁ የነበረው ሥራ ለንደንን ከቴምስ ወንዝ ላይ ሆኖ የሚያሳይ ተከታታይ ሥዕል ነበር።

ኅትመቶቹን በሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ያገኛቸዋል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። የኮርቲውን ሥዕል ፈልጋችሁ እዩት፤ ልጆቻችሁንም አሳዩ። ቦታውን ግን ዛሬ ግብጽ ብትሄዱም አታዩትም። የአስዋን ግድብ ሐይቅ ከዋጣቸው የኑቢያ መንደሮች አንዷ ናት፤ በላይዋ የተኛው ውሃ አብዛኛው ከጣና ማዶ ከአባይ የወረደ ነው።